«አብደራፊ» ስንት ፊደል ነው? ዩኒኮድና የፕሮግራም ቋንቋ

«አብደራፊ» የሚለው ስም ስንት ፊደላት አሉት? ማንም ተማሪ አምስት ብሎ ይመልሳል። ይህንኑ ስም በዩቲኤፍ-8 ጽፈን ለቀድሞው የፓይተን 2 ኢንተርፕሪተር እንደ ተራ ጽሑፍ ብንሰጠው ግን መልሱ 15 ይሆናል። ምክንያቱ ምንድን ነው?

ኮምፒዩተር የሚያውቀው ቁጥርን እንጂ ፊደልን አይደለም። ቀደም ሲል የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች ለአንድ ፊደል የተለያየ ቁጥር ይሰጡ ስለነበር በአንዱ የተጻፈው በሌላው አይነበብም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ፊደላችን ቋሚ ቁጥሮች አገኘ፤ «ሀ» 4608፣ «አ» ደግሞ 4768 ሆኑ።

አንድ ባይት የሚይዘው ከ0 እስከ 255 ያለውን ቁጥር ብቻ ነው። ስለዚህ ዩቲኤፍ-8 ቁጥሩን በሦስት ይከፍለዋል፦

4768 = (1 × 4096) + (10 × 64) + 32

በ1 ላይ 224፣ በ10 እና በ32 ላይ ደግሞ 128 ሲደመር 225፣ 138 እና 160 የሆኑ ሦስት ባይቶች ይገኛሉ። የአምስት ፊደል ስም 15 ባይት የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ነገሩ የቆጠራ ጉዳይ ብቻ አይደለም። በአብደራፊ የካላአዛር ሕሙማን መዝገብ በኮምፒዩተር ተይዟል እንበል። የስም ቦታው 12 ባይት ከሆነ «ገብረመድህን» እና «ገብረመስቀል» ሁለቱም ተቆርጠው «ገብረመ» ሆነው ይቀራሉ። ፕሮግራሙ ስሕተት መኖሩን አይናገርም፤ የአንዱ ሕመምተኛ መድኃኒት ግን በሌላው ስም ሊመዘገብ ይችላል። ቦታው 13 ባይት ቢሆን ደግሞ በመጨረሻ የሚተርፈው 225 ብቻውን ፊደል አይሆንም።

መፍትሔው ሦስት ደረጃዎች አሉት። ኢንተርፕሪተሩ ባይቶቹን ሲቀበል ወደ ዩኒኮድ ቁጥሮች ይመልሳል፤ በውስጡ የሚቆጥረውና የሚቆርጠው በፊደል ነው፤ ሲያስወጣ እንደገና ወደ ባይት ይለውጣል። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው ፓይተን 3 ጽሑፍንና ባይትን ፈጽሞ ስለለያቸው «አብደራፊ»ን አምስት ብሎ ይቆጥራል።

ይሁን እንጂ ዩኒኮድ ሁሉንም ችግር አይፈታም። «ኃይሉ» እና «ሃይሉ» በድምፅ አንድ ቢሆኑም ቁጥራቸው ስለሚለያይ፣ አንዱን የፈለገ ሌላውን አያገኝም። ይህን ማስተካከል የፊደሉን ጠባይ የሚያውቅ ፕሮግራመር ድርሻ ነው።

ለመልመጃ፦ የ«ፊ» ቁጥር 4938 ነው። ሦስቱን ባይቶች ፈልጉ። ያገኛችሁት 225፣ 141 እና 138 ከሆነ ትምህርቱ ገብቷችኋል።