የጠላቂን ራስ ቁር ማንበብ

ከመሪ ኮረብታ ሥር ተቀምጠን ስለ ባሕር ጠላቂ ዕቃ ብንጽፍ የሚገረም አንባቢ ይኖራል፤ ዳሩ ግን ነገሩ ከአገራችን ጎረቤት የተፈጸመ ነው። በ1933 ዓ.ም. ኢጣሊያኖች ምጽዋን ሊለቁ ሲሉ ብዙ መርከቦችንና ተንሳፋፊ የመርከብ መጠገኛዎችን አሰጠሙ። በ1934 ዓ.ም. የአሜሪካ ባሕር ኃይል መኰንን ኤድዋርድ ኤልስበርግ ከጠላቂዎቹ ጋራ ትልቁን መጠገኛ በታመቀ አየር አንሳፈፈው።

የዚያን ዘመን የወታደር ጠላቂ ትጥቅ የሚሰበስቡ ሰዎች ዛሬም አሉ። የአሜሪካው ማርክ 5 ሙሉ ትጥቅ ወደ 86 ኪሎ ይመዝናል። ሰብሳቢው አስቀድሞ የሚመረምረው በራስ ቁሩና በደረት ሳህኑ ላይ የተመታው ቁጥር መግጠሙን ነው፤ ካልገጠመ ከሁለት ዕቃ የተገጣጠመ ሊሆን ይችላል፤ ቁጥር ጨርሶ ከሌለም ለጌጥ የተሠራ አስመሳይ እንዳይሆን ይጠርጥር። ሁለተኛም፣ መዳቡ ሲሠራ በስስ ቆርቆሮ ተለብጦ ነበርና፣ እንዲያብረቀርቅ ብሎ የፈተገው ሰው ልባጡን ያጠፋል፤ የዕቃውንም ምስክርነት አብሮ ይፍቃል።

ተማሪ ጓደኞቻችን ሆይ፣ በአያቶቻችን ቤት የተሰቀለውን ጋሻ ወይም ጐራዴ ከመወልወላችን በፊት የማን እንደ ነበረ ጠይቀን እንጻፍ። ዕቃው ይቈያል፤ ታሪኩን የሚያውቁት ሽማግሌ ግን አይጠብቁንም።