ናይስ፦ ዝንጉርጉሩ አለት

በሥነ ምድር ሙያ ያረጁ አንድ አዛውንትና ትምህርቱን ገና የጀመረ ወጣት ያደረጉት ምልልስ

ወጣቱ፦ ጋሼ፣ ይህን ድንጋይ ይዩልኝ። ነጭና ጥቁር መስመር ተፈራርቆበታል። ጎርፍ በየጊዜው ያነባበረው ደለል ነው ልበል?

አዛውንቱ፦ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ፤ መጀመሪያ በአጉሊ መነጽር እየው። ነጩ መስመር ላይ የተለጣጠፈ አሸዋ ይታይሃል?

ወጣቱ፦ አይታየኝም። ቅንጣቶቹ እርስ በርስ ተቆላልፈዋል፤ በመካከላቸው ክፍተት የለም።

አዛውንቱ፦ እነሱ ኳርትዝና ፌልድስፓር ናቸው። ጥቁሩስ?

ወጣቱ፦ የሚያብለጨልጭ ስስ ቅርፊት ይመስላል። ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ተኝቷል።

አዛውንቱ፦ ያ ጥቁር ማይካ ነው፤ ባዮታይት ይሉታል። የያዝከው ናይስ ነው ልጄ። ይህ አለት ከምድር ገጽ ብዙ ኪሎ ሜትሮች ወደ ታች ወርዶ፣ ብዙውን ጊዜ ከ600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ በሆነ ሙቀት ውስጥ ቆይቷል። ከባድ ግፊትም አርፎበታል። አልቀለጠም፤ ጠጣር እንደሆነ ማዕድኖቹ እንደገና አደጉ። ማይካው ግፊቱ ለመጣበት አቅጣጫ ጀርባውን ሰጥቶ ተኛ፤ ነጩ ከነጩ፣ ጥቁሩ ከጥቁሩ ጋር ተሰበሰበ። መስመሩ የሙቀትና የግፊት ሥራ ነው።

ወጣቱ፦ ታዲያ መስመሮቹን ቆጥሬ ዕድሜውን ማወቅ አልችልም?

አዛውንቱ፦ አትችልም። ለዕድሜው ዚርኮን የሚባለው ጥቃቅን ማዕድን አለ፤ በውስጡ ያለው ዩራኒየም ምን ያህሉ ወደ እርሳስ እንደተለወጠ ይለካል። በካናዳ የሚገኘው የአካስታ ናይስ በዚህ መንገድ ተለክቶ 4 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ሆኖታል።

ወጣቱ፦ ከመለወጡ በፊት ምን ነበር?

አዛውንቱ፦ ሁለት መነሻ አለው። ግራናይትን ከመሰለ ከቅልጥ የተገኘ አለት ከሆነ ኦርቶናይስ፣ ከደለል ከሆነ ፓራናይስ ይባላል። ስለዚህ መነሻው ደለል ነው ብትል ልክ ልትሆን ትችላለህ፤ የምታየውን መስመር ሁሉ ጎርፍ አነጠፈው ካልክ ግን ትስታለህ።

ወጣቱ፦ ሺስት የሚባለው አለትም እኮ ማይካው በአንድ አቅጣጫ የተኛ ነው። በምን ልለያቸው?

አዛውንቱ፦ በመዶሻ። ሺስት ስትመታው በስስ በስሱ ይላቀቃል። ናይስ ግን ኳርትዝና ፌልድስፓር ስለሚበዛበት መስመሩን ተከትሎ በቀላሉ አይሰነጠቅም።

ወጣቱ፦ ስሙስ ከየት መጣ?

አዛውንቱ፦ ከማዕድን ቆፋሪዎች አፍ። በጀርመን ሳክሶኒ፣ ፍራይበርግ አካባቢ እ.ኤ.አ. በ1168 ብር ተገኘ። የብሩ ማዕድን በዚህ አለት ስንጥቆች ውስጥ ስለሚገኝ፣ ቆፋሪዎቹ በየቀኑ የሚፈነቅሉትን አለት በስም መለየት ነበረባቸው፤ ግናይስ አሉት። ቃሉን ብዙዎች «ብልጭታ» ከሚል ጥንታዊ የጀርመንኛ ቃል ጋር ያያይዙታል፤ የማይካውን ማብለጭለጭ አንተም አሁን አይተሃል።

ወጣቱ፦ የሳይንስ ቃል የሆነው እንዴት ነው?

አዛውንቱ፦ በፍራይበርግ እ.ኤ.አ. በ1765 የማዕድን አካዳሚ ተቋቋመ። ከ1775 ጀምሮ በዚያ ያስተማረው አብርሃም ቨርነር የአለት ስሞችን በሥርዓት አደራጀ። እሱ ግን ግራናይትና ናይስ ምድርን ከሸፈነ ጥንታዊ ውቅያኖስ የዘቀጡ ናቸው ብሎ ያምን ነበር። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ሀተን ደግሞ የምድር ውስጥ ሙቀት አለትን ይሠራል፣ ይለውጣልም ብሎ ተከራከረ። በ1833 ቻርልስ ላይል እንዲህ ያሉትን አለቶች «ሜታሞርፊክ»፣ ማለትም መልካቸው የተለወጠ ብሎ ጠራቸው። የቨርነር ማብራሪያ ወደቀ፤ የቆፋሪዎቹ ስም ጸና።

ወጣቱ፦ በአገራችንስ ይገኛል?

አዛውንቱ፦ እንዴታ! ወለጋና ቦረና ብትሄድ ታገኘዋለህ። በብዙ ሌላ ቦታ ደለል የሠራቸው አለቶችና የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ስለሸፈኑት ነው የማይታየው። አብዛኛው የአገራችን ናይስ ዛሬ ከ500 ሚሊዮን ዓመት በላይ ቀደም ብሎ፣ አህጉራት ተጋጭተው ምሥራቅ አፍሪካን ያቋረጠ ታላቅ ተራራ በቆመበት ዘመን የተለወጠ ነው። ተራራው ተሸርሽሮ አልቋል፤ አሁን የምንረግጠው ሥሩን ነው።

ወጣቱ፦ ማስታወሻዬ ላይ ምን ልጻፍ?

አዛውንቱ፦ ያየኸውን። ቅንጣቱ ተቆላልፏል፣ ማይካው በአንድ አቅጣጫ ተኝቷል፣ ነጭና ጥቁሩ ተለያይቷል በል። ስሙን ከዚያ በኋላ ጻፍ። ዝንጉርጉር ድንጋይ ባየህ ቁጥር በዚሁ ቅደም ተከተል ሂድ።