ሰማያዊውን ባንዲራ እንዴት እናንብበው? የባህር ዳርቻ ጉዞ ለሚሸጡ ባለሙያዎች

ከዱባይ፣ ከኬፕታውን ወይም ከግሪክ ሆቴሎች በሚላኩ ብሮሹሮች ላይ «ብሉ ፍላግ» የሚል ምልክት ደጋግሞ ይታያል። ደንበኛው የሚጠይቀው ግን ሌላ ነው፤ «ልጆቼን ይዤ ብገባ ውሃው ንጹህ ነው?» ይላል። ምልክቱ ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ከፊል ነው። ቀሪውን አጣርቶ መናገር የጉዞ ወኪሉ ሥራ ነው።

ብሉ ፍላግ ዋና ጽህፈት ቤቱ ኮፐንሃገን የሆነው የአካባቢ ትምህርት ፋውንዴሽን የሚሰጠው ማረጋገጫ ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 ፈረንሳይ ውስጥ ተጀመረ፤ በ1987 በአውሮፓ ደረጃ ተስፋፋ፤ በ2001 ደግሞ ደቡብ አፍሪካ ከአውሮፓ ውጭ የመጀመሪያዋ ተሳታፊ ሆነች። አንድ ዳርቻ የሚመዘነው በ33 መስፈርቶች ነው። ከእነዚህ የውሃውን ጥራት የሚመለከቱት ጥቂቶቹ ናቸው። ብዙዎቹ ስለ መጸዳጃ ቤት፣ ስለ ቆሻሻ አወጋገድ፣ ስለ ነፍስ አድን ሠራተኞች፣ ስለ አካል ጉዳተኞች መግቢያና ስለ መረጃ ሰሌዳ ይናገራሉ። ስለዚህ ባንዲራው በዋናነት የጥሩ አስተዳደር ምስክር ነው።

1. ዓመቱን ይመልከቱ። ማረጋገጫው የሚሰጠው ለአንድ የመዋኛ ወቅት ብቻ ነው፤ በየዓመቱ እንደገና ይጠየቃል። በወቅቱ መሃል ጉድለት ከተገኘም ባንዲራው ይወርዳል። ብሮሹሩን ትተው የፋውንዴሽኑን ይፋዊ ዝርዝር በራስዎ ይክፈቱ። ወቅቱም ከአገር አገር ይለያያል፤ የደቡብ አፍሪካ በጋ ታኅሣሥና ጥር ላይ ነው፣ የግሪክ ደግሞ ሰኔና ሐምሌ።

2. የዳርቻውን ስም ከሆቴሉ ስም ይለዩ። ባንዲራው የሚሰጠው ወሰኑ በካርታ ለተለየ የዳርቻ ክፍል ነው፤ አጠገቡ ያለው አሸዋ ላይካተት ይችላል። ሆቴሎች የሚያገኙት «ግሪን ኪ» የዚሁ ፋውንዴሽን ምልክት ቢሆንም ስለ ባህሩ አይናገርም። ስሙ የሚመሳሰለው የኮስታሪካ ሰማያዊ ባንዲራም የአገሪቱ የራሷ ፕሮግራም ነው።

3. የውሃ ምርመራው እንዴት እንደሚሠራ ይወቁ። የሚለኩት ዋናዎቹ ተህዋስያን ኢ. ኮላይና የአንጀት ኢንቴሮኮካይ ናቸው። ሁለቱም ዓይነ ምድር ውሃው ውስጥ መግባቱን ይጠቁማሉ። ለባህር ውሃ ወሰኑ በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ 250 ኢ. ኮላይና 100 ኢንቴሮኮካይ ነው። ናሙናውን ፈቃድ ያለው ገለልተኛ ሰው ይወስዳል፣ ገለልተኛ ላቦራቶሪ ይመረምረዋል። ይህ የአሠራሩ ጠንካራ ጎን ነው።

ደካማው ጎን ጊዜው ነው። በሁለት ናሙናዎች መካከል እስከ 31 ቀን ሊያልፍ ይችላል፤ ውጤቱም ከላቦራቶሪ እስኪወጣ አንድ ሁለት ቀን ይወስዳል። በዚህ መሃል ከባድ ዝናብ ሲጥል፣ የዝናብና የመጸዳጃ ፍሳሽ በአንድ ቱቦ በሚሄድባቸው ከተሞች ትርፉ ወደ ባህር ይለቀቃል። በእንግሊዝ ብሉ ፍላግ ባላቸው ዳርቻዎች አካባቢ ሳይቀር ይህ ተከስቶ ብዙ ቁጣ አስነስቷል። የሎስ አንጀለስ አውራጃ ጤና መሥሪያ ቤት ከዝናብ በኋላ ለ72 ሰዓት ከውሃው መራቅን ይመክራል፤ ይህን ምክር ለማንኛውም ደንበኛ ቢሰጡ ያዋጣዎታል።

4. ባንዲራው የማይመልሳቸውን ጥያቄዎች ለብቻ ይጠይቁ። ማዕበሉ ዛሬ ያሰጋ እንደሆነ የሚናገረው ቀዩ ባንዲራ ነው፤ እሱ ከተሰቀለ ሰማያዊው ኖረም አልኖረም አይዋኝም። ሐይቅ ላይ ለሚዋኙ ደግሞ የቢልሃርዚያ ጉዳይ አለ። ከላይ ያየናቸው የባክቴሪያ ምርመራዎች ይህን ጥገኛ ተውሳክ አያሳዩም። ወደ ማላዊ ወይም ወደ ቪክቶሪያ ሐይቅ የሚሄድ ሰው ከሐኪም ጋር ይምከር።

5. «የሚከፍል ሰው ፈተና ያልፋል» የሚሉ ደንበኞች ያጋጥማሉ። ጥርጣሬው መሠረት አለው፤ ለምልክቱ የሚያመለክተውም ለዝግጅቱ ወጪ የሚያወጣውም የዳርቻው አስተዳዳሪ ራሱ ነው። ማመልከቻው ግን በአገር አቀፍ ከዚያም በዓለም አቀፍ ዳኞች ይታያል። በሌላ በኩል ላለማመልከት የመረጠ ንጹህ ዳርቻም ሞልቷል። ባንዲራ የሌለውን ሁሉ ከዝርዝርዎ አይሰርዙ፤ የአካባቢውን መንግሥት የውሃ ምርመራ ውጤት ይጠይቁ። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ይህ መረጃ ለሕዝብ ክፍት ነው።

6. በቃላትዎ ይጠንቀቁ። «ንጹህ ባህር፣ ዋስትና ያለው» ብለው አይጻፉ። «ዳርቻው ለዚህ ወቅት የብሉ ፍላግ ማረጋገጫ አለው፤ ከዝናብ በኋላ የቦታውን ሰሌዳ ይመልከቱ» ብለው ይጻፉ፤ ዝርዝሩን ያዩበትን ቀንም በፋይልዎ ይያዙ። ለተጓዡም ሰሌዳው ላይ የምርመራው ውጤትና ቀኑ መለጠፍ እንዳለበት ይንገሩት። ካልተለጠፈ ወይም ያረጀ ከሆነ ፎቶ አንስቶ ይላክልዎ፤ እርስዎም በዚያ አገር ፕሮግራሙን ለሚያስተዳድረው ድርጅት ያስተላልፉ።