ዶሮ በሣጥን ውስጥ ዕንቁላል እንድትጥል ስለ ማስለመድ

ከእንጅባራ እስከ ዳንግላ ባለው አገራችን ጥቂት ዶሮ የማይገኝበት ቤት እምብዛም የለም። ላሙና በሬው የቤተ ሰቡ ሁሉ ሀብት ሲሆኑ፥ ዶሮዋ ግን ብዙውን ጊዜ የእናት ገንዘብ ናት። ጨውና ሳሙና የሚገዛው፥ የተማሪውም ደብተር የሚሟላው ከዕንቁላል ሽያጭ ነው። ስለ ዶሮ መኖና ስለ ዶሮ በሽታ ብዙ ጊዜ ይነገራል፤ ዕንቁላሉ የት እንደሚወድቅ ግን የሚያስብበት ሰው ጥቂት ነው። ስለዚህ ዶሮን በተዘጋጀላት ስፍራ መጣልን እንዴት ማስለመድ እንደሚቻል፥ ካነበብሁትና በቤታችን ከተሞከረው ጥቂት ለማስረዳት አስቤአለሁ።

በመጀመሪያ ጉዳቱን በቁጥር እንመልከት። አንዲት የሐበሻ ዶሮ በዓመት ከ40 እስከ 60 ያህል ዕንቁላል ትጥላለች። የምትጥለውም ያለማቋረጥ አይደለም፤ ከ10 እስከ 15 ያህል ከጣለች በኋላ ትታቀፋለች ወይም ታርፋለች፥ ከዚያም እንደገና ትጀምራለች። እንግዲህ አንዱን ዙር በአጥር ሥር ደብቃ ብትጥለውና ቢጠፋ፥ የዓመቱ ምርት ሩብ ያህል ጠፋ ማለት ነው። የተደበቀውን ዕንቁላል ሽለምጥማጥና ውሻ ይበሉታል፤ ዝናብም ያበላሸዋል። ዘግይቶ ተገኝቶ ከትኩሱ ጋር ተቀላቅሎ ገበያ ቢወጣ ደግሞ፥ ገዢዋ ሰብራ ስታየው ሻጯን ሁለተኛ አታምናትም።

ይህን ስል የአገራችንን ዶሮ ለመንቀፍ አይደለም። ሃሊማ ሐሰን እ.ኤ.አ. በ2007 ባቀረቡት ጥናት በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ከመረመሯቸው 7 የዶሮ ዓይነቶች መካከል የጥሊሊና የጓንጓ ዶሮዎች ይገኙባቸዋል፤ እነዚህም የአዊ ዶሮዎች ናቸው። የሐበሻ ዶሮ ራሷን ከጭላት የምትጠብቅ፥ ጫጩቶቿንም ተጠንቅቃ የምታሳድግ ናት። ዕንቁላሏን መደበቋም የዚሁ ጥንቃቄዋ ክፍል እንጂ ክፋት አይደለም። የዶሮ ሁሉ ዘር የመጣው ከደቡብ ምሥራቅ እስያ የዱር ዶሮ ሲሆን፥ ያች ዶሮ ዛሬም የምትጥለው በቁጥቋጦ ሥር ከጠላት ተሰውራ ነው።

አንድ ዕንቁላል በዶሮዋ ሆድ ውስጥ ተሠርቶ እስኪወጣ 25 ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ ዶሮዎችም የሚጥሉት አብዛኛውን ጊዜ በጧቱ ክፍል ነው። ጊዜዋ ሲቀርብ ትቁነጠነጣለች፥ እየጮኸች ማእዘኑን ሁሉ ትጎበኛለች። ውድ ገሽና ጊልበርት የተባሉ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1964 ባወጡት ጥናት እንዳሳዩት፥ ይህን ስፍራ የመፈለግ ጠባይ የሚቀሰቅሰው ከአንድ ቀን በፊት አስኳሉ ከተለየበት የሰውነቷ ክፍል የሚመጣ ምልክት ነው። ስለዚህ በዱላ ማባረርና መቆጣት ዋጋ የለውም። የደነገጠች ዶሮ ዕንቁላሏን ለጊዜው ይዛ ቆይታ ከፊተኛው የራቀ መደበቂያ ትፈልጋለች። እኛ ማድረግ የሚገባን በአጥር ሥር የምታገኘውን ጨለማ፥ ልስላሴና ጸጥታ በሣጥኑ ውስጥ ማዘጋጀት ነው።

ሣጥኑን ለመሥራት ብዙ ወጪ አያስፈልግም። አገራችን ቀርከሃ የሞላበት ስለ ሆነ ከቀርከሃ የተሠራ ቅርጫት ይበቃል። ወርዱ፥ ርዝመቱና ከፍታው በያንዳንዱ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሁን፤ አንዱ ሣጥን ለ4 ወይም ለ5 ዶሮ ይበቃል። ጭዱና ዕንቁላሉ እንዳይወድቁ በደጃፉ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ቁመት ያለው መከለያ ይደረግለት፤ ከላይም እስከ ግማሽ ድረስ የጆንያ ቁራጭ ይንጠልጠልበት። ጨለማ ሲሆን ዶሮዋ ትረጋጋለች፥ ዕንቁላል ጠቅጥቆ የመብላትም ክፉ ልማድ ይቀንሳል። ሣጥኑ ከመሬት ጥቂት ከፍ ይበል፤ ነገር ግን ከቆጡ በታች መሆን አለበት። ዶሮ ከፍ ያለውን ስፍራ ለመኝታ ስለምትመርጥ፥ ሣጥኑ ከቆጡ ከበለጠ በውስጡ አድራ በኩስ ታቆሽሸዋለች።

እንጅባራ ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ያላት፥ ዝናቧም የበዛ ስለ ሆነች በክረምት ጭዱ ቶሎ ይረጥባል። በረጠበ ቍጥር መለወጥ ይገባል። ከጭዱ በታች ደረቅ አመድ መነስነስም ቅንቅንን ለመከላከል ይረዳል፤ ቅንቅን ካለበት ሣጥን ዶሮ ትሸሻለችና።

የማስለመዱ ሥራ እንደሚከተለው ነው።

1ኛ፤ ቄቧ መጣል ከመጀመሯ ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት አስቀድሞ ሣጥኑ በቦታው ይቀመጥ። መጀመሪያ የጣለችበትን ስፍራ ቶሎ አትተውምና።

2ኛ፤ ዕንቁላል የሚመስል ድቡልቡል ድንጋይ ወይም የተጠረበ እንጨት ኖራ ተቀብቶ በጭዱ ላይ ይቀመጥ። ዶሮ ዕንቁላል ያየችበትን ቦታ የታመነ ስፍራ አድርጋ ትቈጥረዋለች።

3ኛ፤ በውጭ መጣል የለመደችውን ለአንድ ሳምንት ወይም ለ10 ቀን እስከ እኩለ ቀን ድረስ ከውኃና ከመኖ ጋር በቤት ማቆየት፥ ከዚያም መልቀቅ ነው።

4ኛ፤ በማእዘን ስትቆፍር ከተገኘች ሳያስደነግጡ አንሥቶ በሣጥኑ ማስቀመጥ፥ የቆፈረችውንም ስፍራ መድፈን ያስፈልጋል።

5ኛ፤ ዕንቁላሉን በየቀኑ መሰብሰብ፥ ምሳሌውን ብቻ መተው። ዕንቁላል ሲከማች ዶሮዋ መታቀፍ ትጀምራለች። ጫጩት ከተፈለገ ለታቃፊዋ ሌላ ስፍራ ይሰጣት።

በቤታችን ከሁሉ ያስቸገረችን አንዲት ገብስማ ዶሮ ነበረች። ዘወትር ወደ ጎረቤታችን አጥር ትሻገር ነበር። ጎረቤታችን አሮጊት «እታለም፥ ዶሮሽ ከኔ ዘንድ ጥላለች፤ ነይና ውሰጂ» ሲሏት፥ እናቴ «በአጥርዎ የተገኘ የእርስዎ ነው» እያለች ትመልስ ነበር። እንደዚህ ያለ ደግ ጎረቤት ባይኖር ግን ነገሩ ወደ ጠብ ሊያመራ እንደሚችል ሁሉም ያውቀዋል። ገብስማዋን ጧት ጧት በቤት ስናቆያት እየጮኸች በሣጥኑ ዙሪያ ትመላለስ ነበር እንጂ አልገባችም። ከዚያም እናቴ ከአጥሩ ሥር ዶሮዋ ራሷ ያደላደለችውን ደረቅ ቅጠል ሰብስባ በሣጥኑ ውስጥ አነጠፈችላት። በማግሥቱ ገባች፤ ከዚያ ወዲህ ደጃፉ ቢከፈትላትም ወደ አጥሩ አልተመለሰችም።

በአጥር ሥር የተገኘ ዕድሜው የማይታወቅ ዕንቁላል ካለ በውኃ ውስጥ ይፈተን። ትኩሱ ከሥር ይጋደማል፤ የቆየው ግን በውስጡ ያለው አየር ስለሚበዛ ይንሳፈፋል፥ እንደዚህ ያለውም ለገበያ አይቅረብ። ለሽያጭ የሚቀመጠውን ዕንቁላል ማጠብ አይገባም፤ ውኃው የልጣጩን መከላከያ ሽፋን ያነሣዋልና። ቆሻሻው በደረቅ ጨርቅ ይጠረግ።

የክፍል ጓደኞቼ ሆይ! ብዙዎቻችን በዕንቁላል ገንዘብ በተገዛ ደብተር ተምረናል። ስለዚህ በዕረፍት ጊዜያችን እያንዳንዳችን አንድ የቀርከሃ ሣጥን ሠርተን ለእናቶቻችን ብንሰጥ፥ ከትምህርታችን ጥቅም ጥቂቱን ለቤታችን መለስን ማለት ነው። ወላጆችም ልጆቻችሁ ይህን ለመሞከር ሲጠይቁ ቀርከሃውንና ጥቂት ጭድ እንዳትነፍጓቸው በትሕትና እለምናለሁ።