ቁጥር ሲረዝም ኮምፒዩተር ምን ያደርጋል?

ጋዜጠኝነት የምንማር ልጆች ከቁጥር ጋር ብዙም አንዋደድም፤ ግማሾቻችን ወደዚህ ትምህርት ክፍል የመጣነው ከሒሳብ ሸሽተን ነው። ቁጥሩን ያወጣው ኮምፒዩተር ከሆነ ደግሞ ጥያቄም የለንም፣ እንዳለ እንጽፈዋለን። ኮምፒዩተር ግን ቁጥር ሲረዝምበት ዝም ብሎ ያጠጋጋል።

ባለፈው ክረምት ገለምሶ ሳለሁ በአንድ የኮምፒዩተር ጽሕፈት ቤት የስም ዝርዝር በኤክሴል ሲጻፍ አየሁ። ከእያንዳንዱ ስም ጎን በፋይዳ ካርድ ላይ የሚታተመው ባለ 16 አሃዝ ቁጥር አለ። ዓምዱን ከላይ እስከ ታች ብታዩት ሁሉም በ0 ያልቃል! ጸሐፊዋ «እኔ እንዳለ ነው የጻፍኩት» አለች፤ እውነቷን ነው። ኤክሴል የሚይዘው 15 አሃዝ ብቻ ስለሆነ 16ኛውን በ0 ይተካዋል፣ ማስጠንቀቂያም አይሰጥም። ወረፋ የሚጠብቁት አባባ ቁጥራቸው የማንም ያልሆነ፣ ምናልባትም የሌላ ሰው ሆኖ ወደ ቢሮ ይሄዳል ማለት ነው። የፋይዳ ቁጥር እንደ ስም ነው፣ አይደመርም አይባዛም፤ ስለዚህ ከመጻፉ በፊት ዓምዱን «ቴክስት» ማድረግ ይበቃል። አንዴ የጠፋው አሃዝ ግን በኋላ ቢስተካከልም አይመለስም፤ ካርዱን ተቀብሎ እንደገና መጻፍ ነው።

የሚደመርና የሚባዛ ረጅም ቁጥር ሲመጣስ? ይመጣል። በኢንተርኔት ምስጢር ለመቆለፍ የሚያገለግለው አርኤስኤ የተባለው ዘዴ 617 አሃዝ ባላቸው ቁጥሮች ይሠራል። ኮምፒዩተር በአብዛኛው ለአንድ ቁጥር የሚሰጠው ቦታ 64 ቢት ነው፤ እሱም ቢበዛ እስከ 18,446,744,073,709,551,615 ድረስ ነው።

መፍትሔው የ4ኛ ክፍል ሒሳብ ነው ብል አትሳቁብኝ። በደብተር ስንደምር ሁሉንም ባንዴ አንይዝም፤ ከቀኝ ጀምረን «7 እና 8፣ 15፤ 5 እጽፋለሁ፣ 1 እይዛለሁ» እያልን እንሄዳለን። ለትልልቅ ቁጥሮች የተሠሩ ላይብረሪዎችም፣ ማለትም ሌሎች ፕሮግራሞች እየጠሩ የሚጠቀሙባቸው ዝግጁ የፕሮግራም ስብስቦች፣ ቁጥሩን ቆራርጠው በብዙ ሣጥን ያስቀምጡና የተያዘውን ወደሚቀጥለው ሣጥን ያሻግራሉ። ሣጥን ሲያንስ ይጨመራል፤ ወሰኑ የኮምፒዩተሩ ሜሞሪ ብቻ ነው። ከነዚህ የታወቀው ጂ.ኤም.ፒ. በ1991 እ.ኤ.አ. የወጣ ሲሆን በነፃ ይገኛል። ፓይተን ደግሞ ችሎታው አብሮት የተሠራ ነው፤ 2ን 100 ጊዜ አባዛ ብትሉት 1,267,650,600,228,229,401,496,703,205,376 ብሎ 31ዱንም አሃዝ ይሰጣችኋል።

ችግሩ ጊዜ ነው። 1,000 ሣጥን የሞላ ቁጥር በሌላ 1,000 ሣጥን በደብተሩ መንገድ ሲባዛ 1,000,000 ትንንሽ ማባዛት ይጠይቃል። የሩሲያው የሒሳብ ሊቅ ኮልሞጎሮቭ ከዚህ በእጅጉ ያጠረ መንገድ አይኖርም ብሎ ያምን ነበር። በ1960 እ.ኤ.አ. ሞስኮ ውስጥ በሴሚናር ላይ ይህንኑ ሲናገር የሰማው የ23 ዓመቱ ካራትሱባ (ከኔ በ2 ዓመት ብቻ ይበልጥ ነበር!) በሳምንት ውስጥ አጭሩን መንገድ ይዞ መጣ። ሁለቱን ቁጥሮች ለሁለት ለሁለት ከፍሎ፣ 4 ጊዜ ማባዛት የሚጠይቀውን በ3 ጨረሰው፤ ለቀረው መደመርና መቀነስ በቃው። ጂ.ኤም.ፒ. ዛሬም ይጠቀምበታል፣ ቁጥሩ ከዚያም ሲረዝም ደግሞ ከሱ ወደፈጠኑ ዘዴዎች ይሻገራል።