ግብዓቱ ሲቋረጥ ዝም የማይል ማጉያ

ወጣቱ፦ ጋሼ፣ ማጉያው በ3.5 ሜጋኸርዝ ሰላም ነው። ወደ 28 ስወስደው ግን ግብዓቱን ባቋርጠውም የፕሌቱ ካረንት አይወርድም። ቫልቮቹ ደክመው ይሆን?

ጋሼ፦ በቫልቮቹ ለመፍረድ አትቸኩል። ሁለት 6146 ነው ያልከኝ አይደል? በአንዱ ግሪድና ፕሌት መካከል ያለው ካፓሲታንስ ቢበዛ 0.24 ፒኮፋራድ ነው። ሁለቱ በትይዩ ሲያያዙ 0.48 ይሆናል።

ወጣቱ፦ ይቺ ትንሽ ነገር ምን ታመጣለች?

ጋሼ፦ በ3.5 ሜጋኸርዝ ወደ 95 ኪሎኦም ስለሆነች ብዙም አታሳልፍም። በ28 ግን ወደ 12 ኪሎኦም ትወርዳለች። ያን ጊዜ ከፕሌቱ ወደ ግሪዱ የሚመለሰው ሲግናል ይበረታና ማጉያው በራሱ ማመንጨት ይጀምራል።

ወጣቱ፦ ከቫልቩ ውስጥ ያለውን ካፓሲታንስ እንዴት አወጣዋለሁ?

ጋሼ፦ አይወጣም። ያለን ዘዴ እኩል መጠን ያለው ሲግናል በተቃራኒ ፌዝ መመለስ ነው፤ ሁለቱ ግሪዱ ላይ ይጠፋፋሉ። ሄዝልታይን እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጀመሪያ የኒውትሮዳይን ራዲዮን የሠራው በዚሁ ሐሳብ ነው። በአንተ ማጉያ የግሪዱ ኮይል የታችኛው ጫፍ በቀጥታ ግራውንድ አይሆንም፤ በካፓሲተር በኩል ነው የሚያያዘው። ከፕሌቱ ወደዚያ ጫፍ ደግሞ ትንሽ ተስተካካይ ካፓሲተር ይገባል።

ወጣቱ፦ በምን ልክ ላዙረው?

ጋሼ፦ መጀመሪያ ሶኬቱን ንቀል፣ የፓወር ሳፕላዩ ካፓሲተሮች ቻርጅ መልቀቃቸውን በሜትር አረጋግጥ። በዚህ አልደራደርም፤ እዚያ ውስጥ ያለው ቮልቴጅ ሰው ይገድላል። ከዚያ የፕሌቱንና የስክሪኑን ሽቦ ፈትተህ ጫፋቸውን በደንብ ሸፍን። ፊላመንቱን ብቻ አብራ፣ በ28 ትንሽ ግብዓት ስጥ፣ መውጫው ላይ ኦሲሎስኮፕ አድርግ። ፕሌቱን ከፍተኛው ንባብ ላይ አምጣና ያንን ትንሽ ካፓሲተር በፕላስቲክ ዊንዲ ቀስ እያልክ አዙር። ሲግናሉ እጅግ ዝቅ ያለበት ቦታ ልኩ ነው። ቮልቴጁን ከመለስክ በኋላ የፕሌቱ ካረንት ዝቅ የሚልበትና የመውጫው ኃይል ከፍ የሚልበት ነጥብ አንድ ላይ መዋል አለባቸው።

ወጣቱ፦ ያም ሆኖ ቢያስቸግርስ?

ጋሼ፦ ከ100 ሜጋኸርዝ በላይ የሚነሳ ከሆነ ሌላ በሽታ ነው፤ የሽቦዎቹ ርዝመት የሚፈጥረው። ይኸኛው ካፓሲተር አያድነውም። 47 ኦም የካርቦን ሬዚስተር ላይ ጥቂት ዙር ሽቦ ጠምጥመህ፣ ጫፎቹን ከሬዚስተሩ ጋር በይደህ፣ ከፕሌቱ ክዳን አጠገብ አስገባ። የስክሪኑንም ካፓሲተር እግሮች አሳጥር። ብዙ ሰው ሁለቱን በሽታ እያምታታ ደህና ቫልቭ ይጥላል።

ወጣቱ፦ አንቴናውንስ መቼ ላገናኝ?

ጋሼ፦ በሁሉም ባንድ ግብዓቱን ስታቋርጥ ካረንቱ ወዲያው ከወረደ በኋላ። እስከዚያ በዱሚ ሎድ ብቻ ሥራ፤ በራሱ የሚያመነጭ ማጉያ የሌላውን ጣቢያ ይረብሻል።