ባለ 20ው ጀሪካን ሲመዘን

የጋዜጠኝነት ተማሪ ምን ቢቸግረው ጀሪካን ተሸክሞ ወፍጮ ቤት ይሄዳል ትሉ ይሆናል። ነገሩ እንዲህ ነው። ለዜና አጻጻፍ ልምምድ በሰፈራችን በፈረቃ ስለሚመጣው ውሃ አጭር ዜና ጽፌ ነበር። ባለታሪኳ ከቦኖ ውሃ የሚቀዱ ጎረቤታችን ናቸው። መግቢያው ላይ «ረጅሙን ዳገት በቀን ሦስት ጊዜ እየተመላለሱ 60 ኪሎ ይሸከማሉ» አልኩ። ጀሪካኑ ባለ 20 ነው፤ ሦስት ጊዜ 20 ደግሞ 60፤ አለቀ። መምህራችን ቁጥሩን በቀይ ከበቡና ጎኑ ላይ «መዝነኸዋል?» ብለው መለሱልኝ። አልመዘንኩም። እውነቱን ለመናገር ሊትርና ኪሎ ያው አንድ ነው ብዬ ነው ያለፍኩት።

ሊትር ግን የይዘት መለኪያ ነው፤ ነገሩ የሚይዘውን ቦታ ይነግረናል። ኪሎግራም ደግሞ የመጠነ ቁስ መለኪያ ነው፤ በዘልማድ «ክብደት» የምንለው። ሁለቱ በውሃ ላይ የሚገናኙት በአጋጣሚ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1795 ፈረንሳዮች ግራምን ሲደነግጉ በሚቀልጥ በረዶ ሙቀት ላይ ያለ የአንድ ኪዩቢክ ሴንቲሜትር ንጹህ ውሃ ክብደት ነው ብለው ነበር። ከ1901 እስከ 1964 ደግሞ ሊትር ራሱ የአንድ ኪሎግራም ውሃ ይዘት ተብሎ ይተረጎም ነበር። ከ2019 ወዲህ ኪሎግራም የተመሠረተው ፕላንክ ኮንስታንት በሚባለው ቁጥር ላይ ነው፤ ዝምድናው ግን አልጠፋም። በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አንድ ሊትር ውሃ 998 ግራም ገደማ ይመዝናል። በ20 ሊትር ላይ የሚጎድለው ግማሽ ስኒ ያህል ነው፤ ለዜና ምንም አይደል።

ከውሃ ሲወጡ ነገሩ ይለወጣል። አንድ ሊትር ላምባ 800 ግራም አካባቢ ነው፤ ማር ደግሞ ወደ 1.4 ኪሎ ይደርሳል። የምግብ ዘይት ከውሃ ስለሚቀል ባለ 5 ሊትሩ ዘይት 4.6 ኪሎ ገደማ ነው። ስለ ዘይት ዋጋ ስንዘግብ «5 ኪሎ ዘይት» ብለን የምንጽፍ ሰዎች እንግዲህ እናስብበት።

ወደ ጀሪካኔ ልመለስ። መጀመሪያ የሞከርኩት ሚዛን ሳልፈልግ በባለ 1 ሊትር ሃይላንድ እየሰፈርኩ መሙላት ነበር። እያንዳንዱን ሃይላንድ ጢም አድርጌ እየሞላሁ ስገለብጥ ጀሪካኑ እስከ አንገቱ 21 ያዘ። 21 ሊትር ነው ማለት ነው ብዬ ጻፍኩ። ለማረጋገጥ ያህል ሰፈራችን ካለው ወፍጮ ቤት ሄድኩና ባለወፍጮውን ለምኜ እህል በሚመዘንበት ሚዛን ላይ አወጣሁት። ባዶውን 1.1 ኪሎ፤ ሞልቶ 23 ኪሎ። ሲቀነስ ውሃው 21.9 ኪሎ ነው። ውሃ ከሆነ ደግሞ ወደ 22 ሊትር ማለት ነው። አንዱ ሊትር ከየት መጣ?

ሚዛኑን ጠረጠርኩት። ባለወፍጮው ግን ተቆጥተው የ5 ኪሎ የብረት መመዘኛ ድንጋይ ጫኑበትና አሳዩኝ፤ ልክ 5። ሌባው ሃይላንዱ ነበር። ባለሱቁ ስኳር በሚመዝንበት ትንሽ ሚዛን ላይ ባዶውን 30 ግራም፣ ጢም ብሎ የሞላውን 1070 ግራም አገኘሁት። 1 ሊትር ተብሎ የተጻፈበት ጠርሙስ ሲታሸግ ከላይ ባዶ ቦታ ይተውለታል፤ እኔ ያንን ቦታ ጭምር ነው ስሞላ የነበረው። በአንዱ ላይ 40 ግራም ከምንም አይቆጠርም፤ 21 ጊዜ ሲደጋገም ግን 840 ግራም ይሆናል። የጀሪካኑም ነገር ያው ነው። 20 ማለት ፋብሪካው የጻፈው ነው፤ ሰው የሚቀዳው ግን እስኪፈስ ድረስ ነው፤ ተሰልፎ ተራ ጠብቆ ማን ያጎድላል!

በዚህ ሁሉ መሃል ዜናዬ ላይ የሌለ ሌላ ነገርም አለ፤ ጀሪካኑ ራሱ። ሰው ውሃ ብቻውን አይሸከምም። ስለዚህ በአንድ ጉዞ 23፣ በሦስት ጉዞ 69 ኪሎ። እኔ 60 ብዬ ዘጠኙን ኪሎ ከጎረቤታችን ጀርባ ላይ በእስክሪብቶ አውርጄላቸው ነበር።

ማታ ሄጄ ነገርኳቸው። «እትዬ፣ አንዱ ጀሪካን እኮ 23 ኪሎ ነው» ስላቸው ሳቁብኝ። «አንተ ልጅ፣ ወፍጮ ቤት ድረስ ምን አንከራተተህ? ጀርባዬን ብትጠይቀው ይነግርህ ነበር» አሉኝ።

መግቢያውን እንዲህ ብዬ አስተካከልኩት፦ «ረጅሙን ዳገት በቀን ሦስት ጊዜ እየተመላለሱ በየጉዞው ጀሪካኑን ጨምሮ 23 ኪሎ ይሸከማሉ»። መምህራችን 23ቱን አለፉልኝ። አሁን ደግሞ በቀይ የከበቡት «ረጅሙን» የምትለዋን ቃል ነው። ሜትር የሚያውሰኝ ካለ ዶርም መጥቶ ያናግረኝ።